ስፍርን ወደ ሚዛን ስለ መለወጥ

ሰው እህልንና ዱቄትን፥ ጨውንና ማርን በሁለት መንገድ ይለካል። አንደኛው ስፍር ነው፤ ይኸውም ነገሩ በዕቃ ውስጥ የሚይዘውን ስፍራ ይነግራል። ቁና፥ ጣሳ፥ ስኒና ማንኪያ የስፍር መለኪያዎች ናቸው። ሁለተኛው ሚዛን ነው፤ ይኸውም የነገሩን ክብደት በኪሎና በግራም ይገልጣል። የቁና ልክ ከአገር አገር ስለሚለያይ፥ በብድርና በገበያ ብዙ ጠብ ይነሣል። ስለዚህ አስተማሪም ሽማግሌም ስፍርን ወደ ሚዛን መለወጥን ማወቅ ይገባቸዋል።

1ኛ፤ ስፍር ስለ ምን ያሳስታል

በአንድ ዕቃ የተሰፈረ ነገር ሁሉ ክብደቱ አንድ አይደለም። አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር የምግብ ዘይት 920 ግራም ያህል፥ አንድ ሊትር ማር ግን 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይመዝናል።

ደግሞም የአንዱ ነገር ክብደት እንደ አሰፋፈሩ ይለወጣል። የስንዴ ዱቄት በቀስታ ቢፈስ፥ አንዱ ሊትር 500 ግራም ያህል ነው፤ ተጠቅጥቆ ቢሞላ ግን ከ600 ግራም ይበልጣል። የደቀቀ ጨው በስኒ ሲሰፈር ካልደቀቀው ይከብዳል፤ ባልደቀቀው ጨው መካከል ባዶ ስፍራ አለና። ስለዚህ አንዲት ሴት በዚያው ስኒ ሰፍራ ወጡ አንድ ቀን ቢጣፍጥ፥ በሌላ ቀን ጨው ቢበዛበት አያስደንቅም።

2ኛ፤ የዕቃን ልክ ስለ ማግኘት

በ1795 ዓመት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በፈረንሳይ አገር የክብደት መለኪያ በሕግ በተወሰነ ጊዜ፥ መሠረቱ የውኃ ክብደት ነበር። ስለዚህ ውኃ የዕቃን ልክ ያስታውቃል።

ጣሳውን ባዶውን መመዘን፤ ቀጥሎ ውኃ ሞልቶ መመዘን፤ ከዚያም የባዶውን ክብደት መቀነስ ነው። ባዶው 150 ግራም፥ ከነውኃው 1 ኪሎ ከ150 ግራም ቢሆን፥ ጣሳው 1 ሊትር ይይዛል። ጣሳው ከደረቀ በኋላ ዱቄት ሞልቶ፥ አፉን በቀጥ ያለ እንጨት ጠርጎ መመዘን ነው። ከነዱቄቱ 650 ግራም ቢመዝን፥ ዱቄቱ 500 ግራም ነው። ሦስት ጊዜ መዝኖ መካከለኛውን መያዝ ይሻላል።

ከሣር የተሰፋ ቁና ግን ውኃ አይይዝም። ስለዚህ ቁናውን በጤፍ ሞልቶ፥ ጤፉን ልኩ በታወቀው ጣሳ እየሰፈሩ መቍጠር ነው። ጣሳው ስድስት ጊዜ ቢሞላ ቁናው 6 ሊትር ነው።

3ኛ፤ የሒሳቡ ሥርዓት

የሊትሩን ቍጥር በአንዱ ሊትር ክብደት ማባዛት ክብደቱን ይሰጣል። ክብደቱን በአንዱ ሊትር ክብደት ማካፈል ደግሞ ሊትሩን ይሰጣል። ለዳቦ 3 ኪሎ ዱቄት ቢፈለግና የዱቄቱ ሊትር 500 ግራም ቢመዝን፥ 6 ሊትር መስፈር ነው።

4ኛ፤ በብድር ጊዜ

አንድ ገበሬ ከጎረቤቱ 5 ቁና ጤፍ ተበደረ እንበል። ሲበደር የተሰፈረለት 6 ሊትር በሚይዝ ቁና ነው፤ ሲከፍል ግን አበዳሪው 7 ሊትር በሚይዝ ቁና ይሰፍርበታል። የተበደረው 30 ሊትር፥ የሚከፍለው 35 ሊትር ይሆናል። የጤፉ ሊትር 800 ግራም ቢመዝን፥ ተበዳሪው 4 ኪሎ ያለ ዕዳው ከፈለ ማለት ነው። ሁለቱም «5 ቁና» ሲሉ አልዋሹም፤ ቁናው ግን አንድ አልነበረም። ሽማግሌ ብድሩ ሲሰጥ በኪሎ ቢያስጽፍ፥ በመክፈያ ጊዜ ጠብ አይኖርም፤ ሚዛን ባይገኝም፥ በተበደሩበት ቁና መክፈል እንዲገባ አስቀድሞ ይወስን።

ለተማሪዎች ጥያቄ

1. አንድ ማሰሮ ባዶውን 2 ኪሎ፥ ውኃ ሞልቶ 5 ኪሎ ይመዝናል። ስንት ሊትር ይይዛል? (መልስ፤ 3 ሊትር።)
2. በዚሁ ማሰሮ ማር ቢሞላ ማሩ ስንት ይመዝናል? (መልስ፤ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል።)
3. ተማሪዎች በየቤታቸው ያለውን ቁና ያምጡና ልኩን ያግኙ፤ የሁሉንም በሰሌዳ ጽፈው ያስተያዩ።