ፖስታና ፓስታ፣ ቦሎና ቡሎን፦ በአማርኛ የሚገኙ የላቲን ዝርያ ቃላት መልክና ምንጭ

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ፒያሳ የሚወርድ መንገደኛ ፖስታ፣ ፓስታ፣ ማኪያቶ፣ ባንክ፣ ባንኮኒ የሚሉ ቃላትን በየሰሌዳውና በሰው አንደበት ያገኛል። ቃላቱ በመልክ ስለሚቀራረቡና አብዛኞቹ በጣሊያንኛ በኩል ስለገቡ፣ ሁሉንም «ከላቲን የመጡ» ብሎ ማጠቃለል ቀላል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የመልክ መመሳሰል ለምንጭ አንድነት፣ የመልክ መለያየትም ለምንጭ ልዩነት በቂ ማስረጃ አለመሆኑን በምሳሌ ያሳያል።

የስፍራው ስም ራሱ መነሻ ይሆናል። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረው የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ሲዛወር፣ አዲሱ ስፍራ መርካቶ፣ የቀድሞው ማእከል ደግሞ ፒያሳ ተባለ። መርካቶ «መርካቱስ» (ንግድ፣ ገበያ) ከሚለው የላቲን ቃል ይወለዳል። የፒያሳ ምንጭ «ፕላቴያ» ሲሆን፣ ላቲንም ይህን ቃል «ሰፊ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክኛ ቅጽል ተውሶታል። ዛሬ በሕንጻ ስሞች ላይ የሚነበበው ፕላዛ በስፓኝኛ በኩል የመጣ የፒያሳ ወንድም ነው።

የመጀመሪያው ምድብ በመልክ ተቀራራቢ፣ በሥር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፖስታና ፓስታ በፊደል የሚለያዩት በአንድ አናባቢ ብቻ ነው። ፖስታ «ፖኔሬ» (ማስቀመጥ) ከሚለው የላቲን ግስ የተገኘ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ለመልእክተኞች ፈረስ የሚጠበቅበትን ጣቢያ ያመለክት ነበር። ከዚያ የደብዳቤ አገልግሎትን፣ በአማርኛ ደግሞ የደብዳቤውን መያዣ ወረቀት ጭምር መጠሪያ ሆነ። ፓስታ ግን በኋለኛው ዘመን ላቲን «ሊጥ» ማለት ነበር፤ እርሱም ከግሪክኛ የተወረሰ ነው። ማኪያቶና መኪናም እንዲሁ ናቸው፤ የመጀመሪያው «ማኩላ» (ነጠብጣብ)፣ ሁለተኛው «ማኪና» (መሣሪያ) ከሚሉ የተለያዩ ቃላት ይመነጫሉ።

ሁለተኛው ምድብ በትርጉም የተራራቁ፣ በሥር አንድ የሆኑ ቃላትን ይይዛል። በተሽከርካሪ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎና ብረትን ከብረት የሚያስረው ቡሎን ሁለቱም ወደ ላቲኑ «ቡላ» ይመለሳሉ። ቡላ በመጀመሪያ የውኃ አረፋን፣ ቀጥሎም ክብ ነገርንና ማኅተምን ይገልጽ ነበር። ከማኅተም ትርጉሙ የጣሊያንኛው ቦሎ ሲወጣ፣ ከክብነቱ የፈረንሳይኛው «ቡሎን» ተወልዶ በጣሊያንኛም ገብቷል።

ሦስተኛው ምድብ አንድ መልክ፣ ሁለት ምንጭ ነው። የመንግሥት ፖሊሲ በላቲኑ «ፖሊቲያ» በኩል ከግሪክኛው የአስተዳደር ስያሜ የመጣ በመሆኑ የፖሊስ ዘመድ ነው። የኢንሹራንስ ፖሊሲ ግን በጣሊያንኛው «ፖሊሳ» (የውል ወረቀት) በኩል «ማረጋገጫ» ወደሚል ሌላ የግሪክኛ ቃል ይመለሳል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ሁለቱን በአንድ መግቢያ ሥር ቢያስቀምጣቸው፣ የአንዱ ትርጉም ከሌላው የተስፋፋ ያስመስላል።

በመጨረሻም ላቲን መሰል፣ ግን ላቲን ያልሆኑ ቃላት አሉ። ባንክና ባንኮኒ የአንድ ቤተሰብ ቢሆኑም፣ ሥራቸው «አግዳሚ ወንበር» የሚል ትርጉም ያለው ጀርመናዊ ቃል ነው።

የመግቢያ ዘመንም እንደ ሥሩ ጥንቃቄ ይሻል። የኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. የተቋቋመ በመሆኑ፣ ጣሊያንኛ የሚመስለውን ቃል ሁሉ ለአምስቱ የወረራ ዓመታት መስጠት አይቻልም።

እንግዲህ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ስለ አንድ ውስ ቃል ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማስፈር ይገባዋል፦ ቃሉን በቀጥታ ያዋሰውን ቋንቋ፣ የሩቁን ሥርና በአማርኛ የተገኘውን አዲስ ትርጉም። «ላቲን» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን ይሰውራል፤ ሦስተኛው ደግሞ የአማርኛ ተናጋሪዎች የራሳቸው ሥራ ነው።