የንግድና የፋይናንስ ጆርናሎች ደረጃ አሰጣጥ፦ ለማንኪራ ጥናት የሚመጥነው ሚዛን የትኛው ነው?

መግቢያ

በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ የምትገኘው ማንኪራ በቡና መገኛነቷ ትታወቃለች። የአካባቢው የደን ቡና አምራቾች የብድር አቅርቦት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የትርፍ ክፍፍልና የዋጋ መዋዠቅ ለንግድና ለፋይናንስ ተመራማሪ ሰፊ የጥናት መስክ ናቸው። በቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም የሚገኝ መምህር እንዲህ ያለውን ጥናት ሲያጠናቅቅ ግን «በየትኛው ጆርናል ይታተም?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል። መልሱ የመምህሩን የማዕረግ ዕድገትና የጥናቱን አንባቢ ይወስናል። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን የጆርናል ደረጃ አሰጣጥ ዘዴዎች ከዚህ ጥያቄ አንጻር ይመረምራል።

በመጠቀስ ብዛት መመዘን

የመጀመሪያው ዘዴ የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በሌሎች ጥናቶች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይቆጥራል። ዩጂን ጋርፊልድ ያፈለቀው ኢምፓክት ፋክተር ከሁሉም በላይ የታወቀው ነው። አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ጆርናል በሁለት ዓመት ውስጥ 40 ጽሑፎችን አትሞ፣ ጽሑፎቹ በተከታዩ ዓመት 60 ጊዜ ቢጠቀሱ ኢምፓክት ፋክተሩ 1.5 ይሆናል። ሆኖም ከ60ዎቹ ውስጥ 45ቱ የአንድ ጽሑፍ ብቻ ቢሆኑ፣ የቀሩት 39 ጽሑፎች አማካይ ከ0.4 በታች ይወርዳል። ስለዚህ አማካዩ ስለ እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። በንግድና በኢኮኖሚክስ ዘርፍ ደግሞ ጥናቶች ታትመው እስኪጠቀሱ ጊዜ ስለሚወስዱ የሁለት ዓመቱ ገደብ ያጥራል።

ይህን ጉድለት ለማረም ሌሎች መለኪያዎች ተዘጋጅተዋል። ኤስጄአር ለእያንዳንዱ መጠቀስ የሚሰጠውን ክብደት በጠቃሹ ጆርናል ተሰሚነት ይወስናል። ስኒፕ ደግሞ ቁጥሩን ከዘርፉ የአጠቃቀስ ልማድ ጋር ያመዛዝናል። ጆርጅ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ኤች-ኢንዴክስ መጀመሪያ የታሰበው ለግለሰብ ተመራማሪ ቢሆንም ለጆርናልም ያገለግላል።

በባለሙያዎች ፍርድ መመዘን

ሁለተኛው ዘዴ የዘርፉ ምሁራን የሚያዘጋጁት ዝርዝር ነው። የእንግሊዝ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ማኅበር መመሪያ ጆርናሎችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ከፍሎ፣ ለላቁት 4 ባለ ኮከብ ይሰጣል። የአውስትራሊያ የቢዝነስ ዲኖች ምክር ቤት ዝርዝር ኤ ባለ ኮከብ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚሉ እርከኖች አሉት። ፋይናንሺያል ታይምስ ጋዜጣም 50 ጆርናሎችን መርጦ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶችን ለማወዳደር ይጠቀምባቸዋል። በፋይናንስ ዘርፍ ጆርናል ኦፍ ፋይናንስ፣ ጆርናል ኦፍ ፋይናንሺያል ኢኮኖሚክስ እና ሪቪው ኦፍ ፋይናንሺያል ስተዲስ የላይኛውን ስፍራ ይዘዋል።

የእነዚህ ዝርዝሮች ጥንካሬ ቁጥር የማይገልጸውን የአንባቢ ግምት መያዛቸው ነው። ድክመታቸው ደግሞ የገምጋሚዎቹን አገርና ፍላጎት ማንጸባረቃቸው ነው። በቀዳሚዎቹ የፋይናንስ ጆርናሎች በአሜሪካ ገበያ መረጃ ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች ያመዝናሉ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ የተመረቀው ግን በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። የአገራችን የፋይናንስ ጥናት ለረጅም ጊዜ በባንክ፣ በማይክሮ ፋይናንስና በኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ ያተኮረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የአገር ውስጥ ጆርናሎች

የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ የየራሳቸው ጆርናል አላቸው። ትምህርት ሚኒስቴርም የአገር ውስጥ ጆርናሎችን ገምግሞ ዕውቅና ይሰጣል። በአህጉር ደረጃ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን እና ኢናስፕ ያዘጋጁት መስፈርት የመጠቀስን ብዛት አይቆጥርም፤ የአቻ ግምገማውን፣ የአርትዖቱን ግልጽነትና የኅትመቱን መደበኛነት መርምሮ እስከ ሦስት ኮከብ ይሰጣል። ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙና ሐሰተኛ መለኪያ የሚለጥፉ ጆርናሎች በበዙበት ወቅት ይህ ዓይነቱ ምርመራ ተመራማሪውን ከኪሳራ ይጠብቃል።

ማጠቃለያ

የቡና ደረጃ የሚወጣው የጥሬ ፍሬው ጉድለት ተቆጥሮ የቅምሻ ውጤት ሲታከልበት ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። የጆርናል ደረጃም ቆጠራን፣ የባለሙያ ፍርድንና የአሠራር ምርመራን አንድ ላይ ይሻል። ይህም ሆኖ የጆርናል ደረጃ የጽሑፉን ጥራት አይተካም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተነደፈው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም የሚያሳስበው ይህንኑ ነው። የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴዎች ዝርዝሩን እንደ መነሻ ወስደው ጽሑፉን ራሱን ቢያነቡ፣ ስለ ማንኪራ ገበሬ ብድር የተጻፈ ጥሩ ጥናት የሚጠቅማቸው ሰዎች በሚያገኙት ጆርናል በመውጣቱ ብቻ ዋጋ አያጣም።