ምዕራፍ ሰባት፦ ስለ ትንሿ ትራክተር ሣር ማጨጃ ጥገና

የጃፓኑ ኩቦታ ትንንሽ ትራክተሮቹን በ1969 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ገበያ ካስገባ፣ የአሜሪካው ጆን ዲርም በ1977 በያንማር ፋብሪካ የተሠሩትን 850 እና 950 የተባሉትን ካወጣ ወዲህ፣ በዚያ አገር ከከተማ ወጣ ብሎ ጥቂት ኤከር መሬት የያዘ ተራ የቤት ባለቤት፣ ቀድሞ በአብዛኛው የእርሻ ጌቶች ይዘውት የነበረውን የሞተር ጉልበት በደጁ ለማሳደር በቃ። ከትራክተሩ ሆድ ሥር የሚንጠለጠለው ሣር ማጨጃ ግን፣ ዘወትር ከአፈር፣ ከእርጥበትና ከድንጋይ ጋራ ሲታገል የሚውል በመሆኑ፣ ከተቀጽላዎቹ ሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ጉዳቱ በቤት ውስጥ፣ በተራ መፍቻዎችና በብዙ ትዕግሥት፣ ሊጠገን ይችላል።

ብሎን ከመፍታት አስቀድሞ የኃይሉን ጎዳና ማወቅ ያስፈልጋል። ከትራክተሩ መካከል የሚወጣው የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ በብዙዎቹ ሞዴሎች በደቂቃ 2,000 ጊዜ ያህል የሚዞር ሲሆን፣ ይህ ዙር በክሮቼራ አማካይነት ወደ ማጨጃው የማርሽ ሳጥን ገብቶ አቅጣጫውን ከለወጠ በኋላ፣ በፑሌጃና በቺንጋ ወደ ሦስት ቋሚ ዘንጎች ይከፈላል። እያንዳንዱ ዘንግ ከላይና ከታች በኩሽኔታ ተይዞ በግርጌው ምላጩን ይሸከማል፤ ቺንጋው እንዳይላላም በሞላ የሚሳብ ወጣሪ ፑሌጃ ይጠብቀዋል። እነዚህ ብልቶች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለ ሆኑ የአንዱ በሽታ በሌላው ላይ ይገለጣል፤ በእኔም አስተያየት የዚህ ጥበበ እድ መሠረቱ የተሰበረውን ከሰባሪው ለይቶ ማወቅ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ቺንጋው ነው። በዕድሜ ብዛት ካላረጀ በቀር ያለ ምክንያት አይበጠስምና፣ አዲስ ከመግዛት በፊት አሮጌውን በብርሃን ፊት ይዞ መመርመር ይገባል። ጎኑ አብለጭልጮና ተቃጥሎ ከተገኘ መንሸራተቱን፣ ይኸውም የሞላውን መድከም ወይም አንዱ ፑሌጃ አልዞር ማለቱን ያመለክታል፤ አንደኛው ጠርዙ ብቻ ከተተለተለ ደግሞ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር አለመቆማቸውን ወይም አንደኛው መጣመሙን ይመሰክራል። ይህን ሳይመረምር አዲስ ቺንጋ የሚያጠልቅ ሰው ገንዘቡንም ድካሙንም ያባክናል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ሕይወት የምለው አለ። በአሜሪካ የሣር ማጨጃ ደኅንነት ደረጃ የምላጭ ጫፍ ፍጥነት በደቂቃ ከ19,000 ጫማ እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ይህ በሰዓት ወደ 347 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ የኃይል ማስተላለፊያው ይለይ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ምላጮቹም ፈጽመው እስኪቆሙ ይጠበቅ፣ የሞተሩ ቁልፍ ተነቅሎ በሠራተኛው ኪስ ይግባ። ማጨጃው ከትራክተሩ ተፈቶ ከወጣ በኋላ፣ የማርሽ ሳጥኑ ዘይት እንዳይፈስ ተጠንቅቆ፣ በጠንካራ ድጋፍ ላይ በጎኑ ቆሞ ይሠራበት፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ ትራክተር ሥር መግባት ግን ከቶ አይገባም። ክሪክ የተሠራው ለማንሣት ነው፤ ተሸክሞ ለመቆየት አይታመንም።

አሁን ቺንጋውን አውልቆ እያንዳንዱን ፑሌጃ በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ጤነኛው ኩሽኔታ ያለ ድምፅ ይዞራል፤ የተጎዳው እንደ ወፍጮ መጅ ያንኮሻኩሻል። ወፍራም ጓንት አድርጎ ምላጩን ሲነቀንቁት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንገዳገድ ከሆነም ፍርዱ ያው ነው። ኩሽኔታውን ለዚህ ያበቃው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ በዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ሲባጎ ወይም ሽቦ ፓራኦሊዮውን ቆርጦ ውሃና አቧራ አስገብቶበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ባለቤቱ ከልክ ያለፈ ግራሶ በግፊት ሲሞላ መከለያውን ገፍቶ አውጥቶታል። የሚለወጠው ኩሽኔታ በጎኑ በተቀረጸው ቁጥር ይገዛል፤ ለምሳሌ 6205 የሚለው ቁጥር የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱም 15 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያስታውቃል፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈው 2RS በሁለት ወገን በጎማ የተከደነ መሆኑን ያመለክታል። ሲገጠም ወደ ቤቱ የሚገባ ከሆነ የውጩ ቀለበት ብቻ፣ በዘንግ ላይ የሚጠልቅ ከሆነ ደግሞ የውስጡ ቀለበት ብቻ ይገፋ፤ ይህ ሕግ ከተጣሰ ግፊቱ በኳሶቹ ላይ አልፎ የሚሄዱበትን ጎዳና ያሰረጉደዋል፣ አዲሱም ኩሽኔታ ከመሥራቱ በፊት ተበላሸ ማለት ነው። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የሚገባው አጭር ቧንቧም አይረሳ፤ እርሱ ከሌለ ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለበቶቹ ይጨናነቃሉ።

ምላጩ የቀድሞ ዘዌው ሳይለወጥ በግራይንደር ወይም በሞረድ ይሳል፤ ብረቱ በሙቀት ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ጥንካሬውን አጥቷልና እያቀዘቀዙ መሥራት ይበጃል። ከተሳለ በኋላ መካከሉ በምስማር ላይ ተሰቅሎ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደ ሆነ ከከበደው ጫፍ ይቀነስ፤ ሚዛን ያጣ ምላጭ የተለወጠውን ኩሽኔታ መልሶ ያፈርሰዋል። ብሎኑም መመሪያ መጽሐፉ በወሰነው ልክ በቶርክ መፍቻ ይጥበቅ።

ሣሩ ዝንፍ ብሎ ሲታጨድ ሰዎች ማጨጃውን ይከስሳሉ፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ንፋስ ያነሰው አንዱ ጎማ ነው። የጎማዎቹ ንፋስ ከተስተካከለ በኋላ በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ የምላጩ ከፍታ ይለካ፤ ለአብዛኞቹ ማጨጃዎች የምላጩ የፊት ጫፍ ከኋላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

የማጨጃው ቆርቆሮ ተሰንጥቆ ብየዳ ካስፈለገው፣ ስንጥቁ እንዳይረዝም ጫፎቹ አስቀድመው ይበሱ፤ ማጨጃው ከትራክተሩ ጋራ እንደ ተያያዘ ከሆነ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታ፤ የብየዳው የመሬት መቆንጠጫም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ፤ አለዚያ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎቹ በኩል ያልፋል። የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ምላጭ ግን አይበየድም፣ አይቃናምም፤ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይገጥመው ለሁለት ተቆርጦ ይጣል።