የእንቅልፍ መድኃኒት ከምን ጋር አይወሰድም?

የፋርማሲ ተማሪ በመሆኔ ፈተና ሲቃረብ ከጓደኞቼ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ፦ «ሐኪም የእንቅልፍ መድኃኒት አዞልኛል፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር ብወስደው ችግር አለው?» ብዙዎች የሚያውቁትን ዞልፒደምን (አምቢየን) ምሳሌ አድርጌ ላስረዳ።

ዞልፒደም የአንጎልን ሥራ ቀዝቀዝ በማድረግ እንቅልፍ ያመጣል። ተመሳሳይ ሥራ ያለው ነገር ሲደረብበት ግን እንቅልፉ ከመጠን ያልፋል፤ ትንፋሽም ሊዳከም ይችላል። በተለይ ከእነዚህ ተጠንቀቁ፦

1. አልኮል፦ ቢራም ይሁን ጠጅ ወይም አረቄ ለውጥ የለውም። በጠጣችሁበት ምሽት መድኃኒቱን አትውሰዱ።

2. ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፦ ኮዴይን፣ ትራማዶልና ኦክሲኮዶን ትንፋሽን ያዳክማሉ። ያዘዘላችሁ ሐኪም ሁለቱንም መውሰዳችሁን ማወቅ አለበት።

3. የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒት፦ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡት ብዙዎቹ እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያለ እንቅልፍ የሚያመጣ ንጥረ ነገር አላቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያውን አንብቡ።

ሌላው መንገድ በጉበት በኩል ነው። የፈንገስ መድኃኒት የሆነው ኬቶኮናዞል ጉበት ዞልፒደምን የሚያስወግድበትን ሥራ ስለሚያዘገይ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይበዛል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ ቶሎ እንዲወገድ ስለሚያደርግ እንቅልፍ ላይመጣ ይችላል። ያን ጊዜ መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ፤ ሐኪሙን ጠይቁ።

«ከጓደኛዬ አንድ ክኒን ብዋስስ?» ለሚለውም መልሴ አይሆንም ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2013 ለሴቶች የሚመከረውን መነሻ መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ያወረደው፣ መድኃኒቱ እስከ ጠዋት በደም ውስጥ ቆይቶ መኪና መንዳትን አደገኛ ስለሚያደርግ ነው። ለአንዱ የሚስማማው መጠን ለሌላው ብዙ ሊሆን ይችላል።

አብዛኞቻችን ለወላጆቻችን በፋርማሲ አስተርጓሚዎች ነን። ፋርማሲስቱ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲል ፈጥነን «የለም» አንበል። ከአገር ቤት የመጣውን ክኒን፣ የጉንፋኑን ሽሮፕ፣ ማታ የሚጠጣውንም ጠይቀን እንንገር። መድኃኒት ወስዶ አልነቃ ያለ ወይም ትንፋሹ የቀነሰ ሰው ካያችሁ ደግሞ «ይተኛ» ብላችሁ አትተዉት፤ ወዲያው 911 ደውሉ።