ከ7 ወደ 14 ሜጋኸርዝ፦ የቢትኤክስ40 አማተር ሬዲዮን ባንድ ለመለወጥ የፍሪኩዌንሲ ዕቅድ ያለው ሚና

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ቢትኤክስ40 ለ7 ሜጋኸርዝ የአማተር ባንድ የተነደፈ፣ በተጠቃሚው የሚገጣጠም አነስተኛ የሬዲዮ ማስተላለፊያና መቀበያ ነው። ይህ ጽሑፍ መሣሪያውን ወደ 14 ሜጋኸርዝ ባንድ ለማዛወር የሚያስችሉ ሁለት የኦሲሌተር አማራጮችን በስሌት ያነጻጽራል። ኦሲሌተሩን በ2 ሜጋኸርዝ አካባቢ ማስቀመጥ ቀላል ቢመስልም መሣሪያውን ከአጭር ሞገድ የስርጭት ጣቢያዎች ጋር ያጋጫል፤ 26 ሜጋኸርዝ ግን አብዛኛውን ችግር ያስወግዳል። በሁለቱም አማራጮች የሚቀረው ድክመት የመካከለኛው ፍሪኩዌንሲ ለአዲሱ ባንድ መቅረቡ ነው።

1. መግቢያ

የቢትኤክስ ንድፎች የሕንዳዊው አሽሃር ፋርሃን ሥራዎች ሲሆኑ፣ ዓላማቸው በቀላሉ ከሚገኙ ክፍሎች ነጠላ የጎን ባንድ ሬዲዮ መሥራት ነው። የቢትኤክስ40 ዋና ሰሌዳ ተሠርቶ የቀረበ ነው፤ ሳጥኑን፣ መቆጣጠሪያዎቹንና ሽቦዎቹን የሚያሟላው ተጠቃሚው ነው። የወረዳው ንድፍ ለሁሉም ግልጽ በመሆኑ ለቤተ ሙከራ ትምህርት ይመቻል።

ከ14.000 እስከ 14.350 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ በቀን ለረጅም ርቀት ግንኙነት ተመራጭ ስለሆነ፣ ብዙዎች መሣሪያቸውን ወደዚያ ማዛወር ይፈልጋሉ። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ኦሲሌተሩን ብቻ መለወጥ ተደርጎ ይታሰባል። በእርግጥ ሦስት ክፍሎች በአንድነት መለወጥ ይኖርባቸዋል፦ ኦሲሌተሩ፣ ባንድ አሳላፊ ማጣሪያው፣ እንዲሁም ከኃይል ማጉያው ቀጥሎ ያለው ዝቅተኛ አሳላፊ ማጣሪያ። የሁለቱ ማጣሪያዎች ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ የሚወስነው የኦሲሌተሩ ፍሪኩዌንሲ ነው።

2. የፍሪኩዌንሲ ዕቅድ

በመጀመሪያው ንድፍ የክሪስታል ማጣሪያው 12 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ኦሲሌተሩ በ5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል፤ ከ12 ላይ 5 ሲቀነስ 7 ይገኛል። ሚክሰሩ ግን ድምርና ልዩነትን ለይቶ አያውቅም። በመሆኑም በ17 ሜጋኸርዝ የሚመጣ ምልክትም ከኦሲሌተሩ ጋር ተቀይጦ 12 ሜጋኸርዝ ላይ ያርፋል። ይህ ምስል ፍሪኩዌንሲ ይባላል። ከሚፈለገው ባንድ በ10 ሜጋኸርዝ ስለሚርቅ ቀላል ማጣሪያ ይበቃዋል።

ለ14 ሜጋኸርዝ የመጀመሪያው አማራጭ ኦሲሌተሩን ከ2.00 እስከ 2.35 ሜጋኸርዝ ማሠራት ነው። ይህ ሦስት ችግሮችን ያስከትላል። አንደኛ፣ ምስሉ ከ10.00 እስከ 9.65 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ላይ ይወድቃል። ከ9.4 እስከ 9.9 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል ለአጭር ሞገድ ስርጭት የተመደበ በመሆኑ፣ ኃይለኛ ጣቢያዎች በመቀበያው ውስጥ ሊሰሙ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የኦሲሌተሩ ስድስተኛ ሃርሞኒክ በ2.00 ሜጋኸርዝ ላይ በትክክል 12 ሜጋኸርዝ ስለሚሆን፣ በባንዱ የታችኛው ጠርዝ ፉጨት ይፈጠራል። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በማስተላለፍ ጊዜ ሚክሰሩ 14 ሜጋኸርዝን ብቻ ሳይሆን 9.9 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ልዩነትም ያወጣል። ይህ ከሚፈለገው ምልክት በታች ስለሆነ ዝቅተኛ አሳላፊ ማጣሪያው ያሳልፈዋል እንጂ አያግደውም። ስለዚህ የተጠቃሚው ድምፅ በስርጭት ባንድ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው አማራጭ ኦሲሌተሩን ከ26.00 እስከ 26.35 ሜጋኸርዝ ማሠራት ነው። ምስሉ ወደ 38 ሜጋኸርዝ ይሸሻል፤ ስድስተኛው ሃርሞኒክ ያስከተለው ችግርም አይኖርም። በማስተላለፍ ጊዜ የሚወጣው ሌላኛው ውጤት 38 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ሁለቱም ማጣሪያዎች ያግዱታል። ፍሪኩዌንሲውን የሚያመነጨው ኤስአይ5351 እስከ 160 ሜጋኸርዝ ስለሚደርስ አዲስ ክፍል አያስፈልግም፤ በራዱይኖ መቆጣጠሪያው ፕሮግራም ውስጥ «12 ሲቀነስ የሚፈለገው ፍሪኩዌንሲ» የሚለው ስሌት «12 ሲደመር የሚፈለገው ፍሪኩዌንሲ» ይሆናል።

ይህ ለውጥ ሌላ ጥቅምም አለው። ኦሲሌተሩ ከሁለቱም ፍሪኩዌንሲዎች በላይ ሲሆን የጎን ባንዱ ይገለበጣል። መሣሪያው በመጀመሪያው ንድፍ የታችኛውን የጎን ባንድ ይጠቀማል፤ በ14 ሜጋኸርዝ የተለመደው ግን የላይኛው ነው። 26 ሜጋኸርዝ ይህን ያለ ተጨማሪ ወረዳ ይፈታል፤ 2 ሜጋኸርዝ ግን የታችኛውን እንዳለ ይተወዋል።

3. ማጣሪያዎቹ

ፍሪኩዌንሲው በእጥፍ ሲያድግ የማጣሪያው እምቢታ ሳይለወጥ እንዲቆይ እያንዳንዱ ኮይልና ካፓሲተር በግማሽ መቀነስ አለበት። በቀለበት እምብርት ላይ የተጠቀለለ ኮይል ዙሩ በእጥፍ ሲጨምር ኢንዳክታንሱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ግማሽ ኢንዳክታንስ ለማግኘት የዙሩ ብዛት ለ1.41 ይካፈላል። ለምሳሌ 20 ዙር 14 ይሆናል።

አንድ ዝቅተኛ አሳላፊ ማጣሪያ ለሁለቱም ባንዶች ማገልገል አይችልም። የ7 ሜጋኸርዝ ሁለተኛ ሃርሞኒክ 14 ነውና፣ 14ን የሚያሳልፍ ማጣሪያ በ7 ሲተላለፍ ሃርሞኒኩንም ያሳልፋል። ሁለቱንም ባንድ የሚፈልግ ሰው ማጣሪያዎቹን በሪሌ መቀያየር ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የ12 ሜጋኸርዝ ጉዳይ ነው። ቀድሞ ከባንዱ በ5 ሜጋኸርዝ ይርቅ የነበረው መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ አሁን በ2 ሜጋኸርዝ ብቻ ይርቃል። ይባስ ብሎ ከ11.6 እስከ 12.1 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል የስርጭት ባንድ ነው። በማስተላለፍም ቀድሞ ዝቅተኛ አሳላፊ ማጣሪያው ያግደው የነበረው 12 ሜጋኸርዝ አሁን በእርሱ ያልፋል። ስለዚህ ጥበቃው በሚክሰሩ ሚዛንና በባንድ አሳላፊ ማጣሪያው ላይ ብቻ ይወድቃል። ይህ ማጣሪያ በመቀበልም በማስተላለፍም የሚያገለግል እንደመሆኑ፣ ከታች በኩል ይበልጥ እንዲያግድ አድርጎ መሥራት ለሁለቱም ይጠቅማል።

4. ፍተሻ

ፍተሻው በአንቴና ሳይሆን በ50 ኦም ጭነት ላይ መደረግ አለበት። በስፔክትረም አናላይዘር ሲታይ ትኩረቱ በ28 እና በ42 ሜጋኸርዝ ሃርሞኒኮች ላይ ብቻ መሆን የለበትም፤ 12 ሜጋኸርዝም መታየት አለበት። የአሜሪካ ደንብ፣ ከ2003 ወዲህ ሥራ ላይ ለዋሉና ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ለሚሠሩ አማተር ማስተላለፊያዎች፣ ያልተፈለገ ጨረር ከዋናው ኃይል ቢያንስ በ43 ዲሲቤል እንዲያንስ ይጠይቃል። ይህም ለ5 ዋት ማስተላለፊያ 0.25 ሚሊዋት ገደማ ማለት ነው። የአይአርኤፍ510 ትራንዚስተር የማጉላት አቅም ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ስለሚቀንስ፣ ኃይሉ ከ7 ሜጋኸርዝ አንሶ መገኘቱ ብቻውን የስህተት ምልክት አይደለም።

5. ማጠቃለያ

መሣሪያው በአዲሱ ባንድ ድምፅ መቀበሉና ኃይል ማውጣቱ ለውጡ መሳካቱን አያረጋግጥም። ሁለቱም የኦሲሌተር አማራጮች ይህን ያደርጋሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው በሌሎች ባንዶች ላይ በሚያደርሱት ነገር ነው። ስለዚህ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ድምሩ፣ ልዩነቱና ሃርሞኒኮቹ በወረቀት ላይ ተሰልተው፣ እያንዳንዳቸውን የትኛው ማጣሪያ እንደሚያግዳቸው መታወቅ አለበት።