በርጩማ መሥራትን ለሚማር ሰው የሚሆን ትምህርት

አንባቢ ሆይ፤ በርጩማ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሰውነቱን በሙሉ ያለ ፍርሃት የሚጥልበት ዕቃ ነው። ሣጥን ቢላላ በውስጡ ያለው ልብስ አይጐዳም፤ መደርደሪያም ቢያዘነብል ያየው ሰው ያቃናዋል። የበርጩማ እግር የወለቀ እንደ ሆነ ግን የሚወድቀው ሽማግሌ ወይም ነፍሰ ጡር ሊሆን ይችላል። የሚቀመጥበትም ሰው አስቀድሞ ገልብጦ መጋጠሚያውን አይመረምርም፤ ሠሪውን አምኖ ይቀመጣል እንጂ። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚማር ሰው ከሁሉ በፊት የማይታየውን ክፍል በጥንቃቄ መሥራትን ሊማር ይገባዋል።

በአገራችን ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው የጅማ በርጩማ የታወቀበት ነው፤ መቀመጫውና ሦስቱ እግሮቹ ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው ይወጣሉ፥ መጋጠሚያም የለውም። ይህ ብዙ እንጨትና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ሁለተኛው መቀመጫውን ለብቻ፥ እግሮቹንም ለብቻ አዘጋጅቶ ማጋጠም ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ይህ ነው፤ አንድ እግር ቢበላሽ በሌላ ይተካልና።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፤ መጥረቢያ፥ መጋዝ፥ መሮ፥ መዶሻ፥ መላጊያ፥ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያና ሞረድ ይበቃል። ብዙ ከመሰብሰብ ይልቅ የያዝኸውን መሳል ይጠቅምሃል። የደነዘዘ መሮ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ድንገት ያመልጥና እጅን ያቈስላል።

ለመቀመጫው ዋንዛ መልካም ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፥ መልኩም ያምራል። ለእግሩ ወይራን የመሰለ ጠንካራ እንጨት ፈልግ። ባሕር ዛፍ በየመንደሩ ስለሚገኝ ያስመኛል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። የእግሩን እንጨት በመጋዝ ከመቍረጥ ይልቅ በመጥረቢያ ፍለጠው፤ የተፈለጠ እንጨት ጅማቱ ሳይቋረጥ ከላይ እስከ ታች ይወርዳልና። ከፈለጥኸውም በኋላ ከምድጃ በላይ ከፍ አድርገህ ስቀለው፥ በየሳምንቱም መዝነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። እግሩ ከመቀመጫው ይልቅ ደረቅ ሊሆን ይገባዋል። ደረቁ እግር ከአየሩ ጥቂት እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ መቀመጫው ደግሞ እየደረቀ ይጠባል፤ እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ይጨባበጣሉ።

መቀመጫው ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱም 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃዋል። በመካከሉ ሚስማር ተክለህ በ10 ሳንቲ ሜትር ክር ክብ አሥምር። ያንኑ ክር ሳታስረዝምና ሳታሳጥር በክቡ መሥመር ላይ ብትለካ ስድስት ጊዜ ልክ ይደርሳል፤ አንዱን እየዘለልህ አንዱን ብትወስድ የሦስቱን እግር ስፍራ ታገኛለህ። ቀዳዳው 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ይሁን፥ እግሮቹም ወደ ውጭ 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብሉ። ዓይንህን ብቻ አትመን፤ በዚያው ልክ ያዘነበለ የሰሌዳ ቍራጭ አዘጋጅተህ ከመሰርሰሪያው አጠገብ አቁመው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የእግሩን ራስ ስትቀርጽ በዚያው መሰርሰሪያ በተበሳ ቍራጭ እንጨት ደጋግመህ ሞክረው። በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ራስ ላልቷል፤ በኀይለኛ ምት ብቻ የሚገባም መቀመጫውን ይሰነጥቃል። በመዶሻ ቀስ ብሎ ተመትቶ የሚገባው ትክክለኛው ነው። ራሱ ከልክ በላይ የተላገ እንደ ሆነ ግን ፈተና ይመጣል፤ በሰጋቱራና በኮላ ቢሞሉት፥ ወይም ከጐን ሚስማር ቢመቱበት፥ ከላይ ሲታይ ከመልካሙ አይለይም። ገበያ ላይም እንደ ሌላው ይሸጣል። ነገር ግን ሙሌቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ይፈረካከሳል፤ ያን ጊዜ ሠሪው በዚያ የለም። የተቀመጠው ሰው በአፉ ያልተነገረውን ሐሰት በወገቡ ይከፍላል። ያ እግር ለማገዶ ይሁን። የሚጠፋው የግማሽ ቀን ድካም ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልጨምር። በአገራችን የእጅ ሥራ ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ጌታችንም ጸራቢ ተብሎ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተጠራው በአገሩ ሰዎች ዘንድ በንቀት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ ሰውን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጅ ግን የሌላውን አፍ እንጂ የሠራተኛውን ልብ አይደርስበትም። የተናቀ ሰው ውሎ አድሮ ሥራዬ ምን ክብር አለውና እደክማለሁ ይላል፥ የላላውንም እግር በኮላ ይሞላል። ከሰው ስድብ ይልቅ ይህ ይከፋል ብዬ አስባለሁ። ዛሬ በርካሽ የፕላስቲክ መቀመጫ ሞልቶ ሳለ ወደ አንተ የመጣ ገዢ በእጅህ ታምኖ መጥቷልና አታሳፍረው።

ራሱ በልክ ሲገባ ከማጋጠምህ በፊት በመጋዝ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቀው፤ ከገባም በኋላ ከደረቅ ጠንካራ እንጨት የተሠራ ሽብልቅ ከላይ ምታበት። ስንጥቁ የመቀመጫውን ጅማት የሚያቋርጥ ይሁን፤ ጅማቱን ተከትሎ ከሄደ ሽብልቁ መቀመጫውን ለሁለት ይከፍለዋል። ብዙ ጀማሪ በዚህ የመጨረሻ ምት ድካሙን ሁሉ አጥቷል።

ሦስት እግር ያለው በርጩማ ወለሉ ጐርበጥባጣ ቢሆንም አይወላወልም፤ ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ መሬት ያገኛሉና። አራት እግር ያለው ግን ደልዳላ ስፍራ ይሻል። ቢሆንም ባለ ሦስቱ ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብል ይችላል። ስለዚህ በደልዳላ ጠረጴዛ ላይ አቁመህ፥ መቀመጫው እስኪስተካከል ከእግሮቹ በታች ስንጣሪ እያደረግህ፥ እርሳስ በትንሽ ጕማጅ ላይ አጋድመህ ሦስቱንም እግሮች በአንድ ከፍታ ዙሪያውን አሥምር፤ በመሥመሩም ቍረጥ። የተቈረጠውን ጠርዝ በሞረድ አለዝበው፤ አለዚያ ሲጐተት ይፈነከታል።

ለገዢው አንድ ነገር ንገረው። በመጀመሪያው በጋ አየሩ ሲደርቅ ከእግሮቹ አንዱ ቢነቃነቅ ወደ አንተ ይመልሰው፤ አንተም አሮጌውን ሽብልቅ በመሮ አውጥተህ ጥቂት ወፈር ያለ ሌላ ሽብልቅ አግባበት፤ ዋጋም አትቀበለው።