ከሐኪሙ ጋር ወይስ በሐኪሙ ምትክ?
(በአንጎል ካንሰር የታመሙትን ስለ መርዳት)

ሕሙማንን የሚጎበኙ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ። «የአንጎል ካንሰር ያለበት ሰው ጠበል ቢጠመቅ፣ የባህል መድኃኒትም ቢወስድ ጥፋት ነውን?» መልሱ የሚያርፈው በአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ይኸውም የሚደረገው ነገር ከሕክምናው ጋር ነው ወይስ በሕክምናው ምትክ የሚለው ነው።

የአንጎል ዕጢ በአገራችን በተለይ ለስሕተት ይዳርጋል። በአንዱ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታትና ትውከት ሆኖ ይጀምራል። በሌላው ግን አስቀድሞ የሚታየው መንቀጥቀጥና መውደቅ ወይም የጠባይ መለወጥ ነው፤ ጨዋ የነበረው ሰው ይሳደባል፣ ዝምተኛው ይቆጣል። ቤተ ሰቡም «ልክፍት ነው» ብሎ ይደመድማል። ቤተ ክርስቲያናችን የክፉ መንፈስን መኖር አትክድም፤ ነገር ግን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1673 ላይ፣ ጋኔን የማስወጣት ሥርዓት ከመፈጸሙ በፊት ነገሩ በሽታ አለመሆኑ እንዲረጋገጥ ያሳስባል።

በኮልፌ ቀራንዮ የጎበኘሁት አንድ የልጆች አባት ነበር። «ጠበልና ክኒን አይስማሙም» ያለውን ሰው አምኖ የሚጥል በሽታውን የሚከላከለውን መድኃኒት በአንድ ጊዜ አቆመ። በሦስተኛው ቀን መንቀጥቀጡ ከቀድሞው በርትቶ መጣ። እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ይህ የሚጠበቅ ነው። የአንጎልን እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞንም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ካልሆነ በቀር አይቋረጥም። «አይስማሙም» የሚለው አባባል በእኅት ቤተ ክርስቲያንም ተቀባይነት አላገኘም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል።

በሕሙማኑ ላይ ግን አንፍረድ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ስለ ነበር ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር፤ በዚያ መካከል ሰው ተስፋ ወደሚሰጠው ሁሉ ቢሄድ ምን ይደንቃል?

ጸሎት፣ መዝሙር፣ በለሰለሰ እጅ መታሸት፣ አቅም የፈቀደው እንቅስቃሴ፣ እነዚህ ዕጢውን ባያጠፉም ጭንቀትንና ድካምን ያቀልላሉ። ስለ ዕፀዋት ግን ጥንቃቄ ያሻል። በሻይ የሚገባ ዝንጅብልና ተጨምቆ በጠርሙስ የሚሸጥ «የካንሰር መድኃኒት» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ጉበትን ሊጎዳ፣ የሐኪሙንም መድኃኒት ኃይል ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ የሚወሰደው ሁሉ ሳይታፈር ለሐኪሙ ይነገር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባና የአንጀት ካንሰር ሕሙማንን ተመልክቶ ነበር። መደበኛውን ሕክምና ትተው ሌላውን ብቻ የመረጡት የሞት አደጋቸው 2.5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የአንጎል ካንሰር በጥናቱ ባይካተትም ማስጠንቀቂያው ለእኛም ይሆናል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ጸሎትን፣ ሐኪምንና ከምድር የሚገኘውን መድኃኒት በአንድነት ያስቀምጣል እንጂ አንዱን በሌላው አይሽርም።

አንድ ነገር ለመምህራን አደራ እላለሁ። ይህ በሽታ አንደበትንና አእምሮን ቀድሞ ሊወስድ ይችላል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1956 ዓ.ም. ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ ቁጥር 73 ምሥጢረ ቀንዲል ለሚያጣጥሩት ብቻ አለመሆኑን ገልጿል። እንግዲህ ካህኑን የምትጠሩት ሕሙሙ ገና መናዘዝ በሚችልበት ጊዜ፣ የሚቻል ከሆነም ወደ ቀዶ ሕክምናው ከመግባቱ አስቀድሞ ይሁን።